መጀመሪያ በሩን ለኩ፦ በአውቶካድ ንድፍ ላይ መጠን ስቀይር የተማርኩት

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የሳይቱ ፎርማን ናቸው። በዕድሜ እጥፌ የሚሆኑ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የመሠረቱን ገመድ ልወጥር ነበር። ግድግዳው 22 ነው ይላል፤ ብሎኬቱ ግን 20 ነው። በየትኛው ልሥራ?» አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። በገበያችን የምናገኘው 10፣ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት ነው፤ 22 ብዬ የነደፍኩት ግድግዳም የለም። «ጋሼ፣ ጥቂት ይታገሱኝ» ብዬ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ንድፉን በአውቶካድ፣ በንድፍ መሥሪያው ፕሮግራም፣ አወጣሁ። የሳሎኑን በር ለካሁ፤ 99 ሴንቲ ሜትር። ኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን) ለካሁ፤ 27.5። እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቤቱ ባለቤት ቦታው ስለሚበቃ የቤቱ ፊት ከ10 ሜትር ወደ 11 ሜትር እንዲሰፋ ጠይቀው ነበር። መሽቶ ነበር፣ ንድፉም ለማግስቱ ይፈለጋል። ሁሉንም መስመር መርጬ መጠን ለሚያባዛው ለስኬል ትእዛዝ 1.1 ብዬ ሰጠሁት። የውጩን መስመር ስለካው ልክ 11 ሜትር ሆኖልኛል። ረክቼ አትሜ ላክሁ። ይሁንና ይህ ትእዛዝ ሳሎንን ለይቶ አያሰፋም፤ የያዘውን ሁሉ በእኩል ያሳብጣል። የ20 ግድግዳ 22 ሆነ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከ70 ወደ 77 አደገ፣ የደረጃው መርገጫ ከ28 ወደ 30.8 ሄደ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳይቀር ተለቀ። በዚያ ላይ ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) በስትራክቸር ንድፉ መሠረት ለ25 በ25 ኮለን የሚሆነውን ስታፋ (የኮለኑን ብረቶች የሚያቅፈውን ቀለበት) አጥፎ ጨርሷል። በአንድ ቤት ላይ ሁለት የማይስማሙ ንድፎች ሳይት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ተመስገን፣ ገና ኮንክሪት አልፈሰሰም ነበር። የአንድ ቀን የሠራተኛ ክፍያ ጠፋ፤ ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ። ይህን የምጽፈው አዲስ ጀማሪዎች ያንኑ ስህተት ሲሠሩ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ሁሉም እንደ እኔ አስተዋይ ፎርማን ላይገጥማቸው ይችላል።

ችግሩ ከቃሉም ይጀምራል። በእኛ ሙያ «ስኬል» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይጠራበታል። የፕሮግራሙ ትእዛዝ ስኬል ይባላል። ንድፉ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት 1:100 ወይም 1:50 የሚለው ምጣኔም ስኬል ነው። ፎርማኑ በኪሳቸው የሚይዟት ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያም ስኬል ናት። ስለዚህ አንድ ደንበኛ «ስኬሉን አሳድጉልኝ» ሲል ቤቱን ይሁን ወይስ የወረቀቱን ምስል፣ መጠየቅ የግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጽሑፉ በደንብ እንዲነበብ ብቻ ነው። የዚያ መፍትሔ ሌይአውት (የወረቀቱ ገጽ) ውስጥ ያለውን ቪውፖርት (ቤቱ የሚታይበትን መስኮት) ከ1:100 ወደ 1:50 መለወጥ ነው። ሞዴሉ (የምንነድፍበት ቦታ) ውስጥ ያለው ቤት አይነካም፤ ቤቱ ሁልጊዜ በእውነተኛ ልኩ ይነደፋል፣ የሚያንሰውና የሚያድገው በወረቀቱ መስኮት በኩል የምናየው ምስል ነው። በሜትር የምትነድፉ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ወረቀቱ በሚሊ ሜትር ስለሆነ ቪውፖርቱ ላይ 1:100 ብትመርጡ ቤቱ ነጥብ አክሎ ይታያችኋል። በሜትር ለተነደፈ ቤት 1:100 ማለት 10:1 ነው፤ አንድ ሜትር ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናልና።

ብዙ ያስተማረኝ ሥራ ግን ከቨርጂኒያ የመጣው ነው።

እዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቢሾፍቱ ላይ ቦታ አላቸው። የሚኖሩበትን ቤት ስለወደዱት «እሱኑ የሚመስል ሥሩልን» ብለው የንድፉን ፋይል ላኩልኝ። እኔ በምሠራበት የሚሊ ሜትር ፋይል ውስጥ ከፍቼ ስለጥፈው ምንም አልታይ አለኝ። አቅርቤ ስፈልግ አንድ ጥግ ላይ አገኘሁት። የዋናው ምኝታ ቤት ርዝመት 168 ሚሊ ሜትር ነው። በስንዝር የሚለካ ምኝታ ቤት።

እዚህ ላይ ነው «በሩን ለኩ» የምለው። ከየትም የመጣ ንድፍ ሲገጥማችሁ ፋይሉ ስለ ራሱ የሚናገረውን ከማመናችሁ በፊት ርቀት በሚለካው በዲስት ትእዛዝ አንድ በር ለኩ። የበር ስፋት በየትም አገር ቢሆን ከሰው ትከሻ ብዙ አይርቅም። መልሱ 900 ከሆነ ንድፉ በሚሊ ሜትር ነው፤ 90 ከሆነ በሴንቲ ሜትር፤ 0.9 ከሆነ በሜትር፤ 36 ከሆነ በኢንች፤ 3 ከሆነ በጫማ። ቁጥሩ በጫማና በኢንች ምልክት ከመጣባችሁ በዩኒትስ (የአሃድ ቅንብር) መስኮት ውስጥ አርክቴክቸራል የሚለውን ወደ ዴሲማል ለውጡትና እንደገና ለኩ፤ ያኔ እውነተኛው ቁጥር ይታያል። የእኔው በር 36 አለ። ምኝታ ቤቱም 168 ኢንች፣ ማለትም 14 ጫማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ መስኮት ላይ ነው። ኢንች የሚለውን ወደ ሚሊ ሜትር ይለውጥና ንድፉ የተለወጠ ይመስለዋል። ግን አንድም መስመር አልተንቀሳቀሰም። ይህ ቅንብር፣ ኢንስዩኒትስ የሚባለው፣ ወደፊት ከሌላ ፋይል የሚገባ ነገር በስንት ይባዛ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው፤ ያለውን አይነካም። ቁጥሮቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ 1 ኢንች፣ 2 ጫማ፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሜትር፤ 0 ደግሞ አሃዱ አልተነገረም ማለት ነው። የቨርጂኒያው ፋይል 0 ነበር፤ ስለዚህ በትክክል የሚያባዛው ነገር አላገኘም። ሰጪው ፋይል 1፣ ተቀባዩ ፋይል 4 ተብለው ቢሆን ኖሮ ሲገባ ራሱ በ25.4 ተባዝቶ ይገባ ነበር።

በእጅ ለማባዛት ወሰንኩ። መነሻ ነጥቡን ዜሮ ኮማ ዜሮ አደረግሁ፣ ብዜቱን 25.4። ምኝታ ቤቱ 4267.2 በ3657.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። በሩ 914.4 ሆነ። እሰይ አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመብራት ንድፉን ለመሥራት ቀዝቅዞ (ተደብቆ) የነበረውን ሌየር፣ የንድፉን ንብርብር፣ ስከፍት ሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንዲት መብራት የለችም። ፈልጌ ፈልጌ መነሻው ጥግ ላይ፣ አርባ ገደማ አምፖሎች እንደ ተደፋ ጤፍ አንድ ላይ ተከምረው አገኘኋቸው። ሁሉንም ምረጥ ስንለው ፕሮግራሙ የቀዘቀዘና የተቆለፈ ሌየር ላይ ያለውን አይመርጥም። ቤቱ በ25.4 ሲያድግ መብራቶቹ በኢንች ቀሩ። ደግነቱ መነሻ ነጥቤ ዜሮ ስለነበር በዚያው ነጥብ በ25.4 ሳበዛቸው እያንዳንዷ መብራት ቦታዋ ላይ ገባች። ሌላ ቦታ ጠቅ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ ስለቅም እከርም ነበር። ስለዚህ ከመባዛቱ በፊት ሌየሮችን ሁሉ ክፈቱ፣ ቁልፋቸውን ፍቱ፣ ለመነሻ ነጥብ ሁልጊዜ የምታስታውሱትን ምረጡ፣ ብዜቱንም ፋይሉ ስም ላይ ጻፉት።

የልኬት መስመሮችንም እዩ። ከቤቱ ጋር የታሰሩት ቁጥራቸው ራሱ ይለወጣል፤ የፊደላቸው መጠን ግን በዳይሜንሽን ስታይሉ (በልኬት አጻጻፍ ቅንብሩ) የሚገዛ ስለሆነ ቤቱ ሲያድግ እነሱ ባሉበት ይቀራሉ፣ በዐይን አይታዩም። ስታይሉ ውስጥ ገብታችሁ አጠቃላይ ስኬሉን ከፍ ማድረግ ነው። አደገኛው ሌላው ነው፦ ሰው በእጁ ቁጥር የጻፈበት ልኬት። መስመሩ ምንም ቢሆን የተጻፈው ጽሑፍ አይለወጥም። የተጻፈ ልኬት ያለበት ንድፍ ሲመጣልኝ አንድ በአንድ አጥፍቼ እንደገና እለካለሁ፤ ጊዜ ቢወስድም።

እንግዲህ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆነ። ቤቱ ግን አሁንም አይሠራም። ይህን የተረዳሁት የውስጥ ግድግዳውን ስለካው ነው፦ 114.3 ሚሊ ሜትር። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ እንጨት ነው፤ ሦስት ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ማገር በግራና ቀኙ ግማሽ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም ሰሌዳ ይለብሳል። ድምር አራት ኢንች ተኩል። እኛ በ15 ብሎኬት ገንብተን በሁለቱም ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ስናለብሰው 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ግድግዳ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ከሳሎን እስከ ጓዳ በአንድ መስመር አራት የውስጥ ግድግዳ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር ከየት ይምጣ?

ስኬል ለዚህ መልስ የለውም። ግድግዳውን ለማወፈር ብላችሁ ብታባዙት ክፍሉም በሩም አብሮ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ታሪኬ እንደገና ይጀምራል። መልሱ የተመረጠውን ክፍል ብቻ የሚስበው የስትሬች ትእዛዝ ነው። የመምረጫ መስኮቱን ከቀኝ ወደ ግራ ስትጎትቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባው ነገር መጠኑ ሳይነካ ይንቀሳቀሳል፣ በከፊል የተነካው መስመር ይሳባል። ማለትም ግድግዳው ሲርቅ ከጎኑ ያለው በር 90ነቱን ይዞ ይከተለዋል። ያንን የመጀመሪያውን ቤት ከ10 ወደ 11 ሜትር ማስፋት የነበረብኝ እንዲህ ነበር፦ ሳሎኑ ላይ 60፣ ምኝታ ቤቱ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ፣ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር የኮለኖቹን መስመር እየተነጋገሩ።

ለባልና ሚስቱ ደወልኩና የትኛው እንዲጠበቅ ጠየቅኋቸው፦ የቤቱ የውጭ ልክ ወይስ የክፍሎቹ ውስጥ? ሚስትየዋ ሳታመነታ «ክፍሎቹን እንዳትነኩብኝ፣ አልጋዬንና ቁም ሣጥኔን ለክቼ ነው የማመጣው» አሉ። ስለዚህ ቤቱ ወደ ውጭ አደገ፤ ከአጥሩ መራቅ ያለበትን ርቀትም እንደገና አየን። ጥያቄውን ሳልጠይቅ በራሴ ወስኜ ቢሆን ኖሮ ያ ቁም ሣጥን ከአሜሪካ መጥቶ በረንዳ ላይ ይቀር ነበር። በተረፈ 4267.2 የመሰለ ቁጥር ለግንበኛ አይሰጥም፤ እያንዳንዱን ክፍል በስትሬች እንደ 4.27 ወይም 4.30 ሜትር ወዳለ ቁጥር አስተካከልኩ፣ በሮቹንም በእኛ አገር 90 በ210 ተካኋቸው።

አልጋን ካነሳሁ አይቀር ስለ ዕቃ ምልክቶች የሚያንገበግበኝን ልናገር። አንድ ጊዜ ለማሻሻያ የመጣልኝ ንድፍ ላይ ጋራዡ ጠባብ መሰለኝ፤ መኪናው ግን ተመችቶት ቆሟል። መኪናውን ለካሁት፦ 3 ሜትር ከ40። ቶዮታ ኮሮላ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የነደፈው ሰው መኪናው እንዲገባለት ምልክቱን አሳንሶታል። አልጋም፣ የምግብ ጠረጴዛም እንዲህ ሲቀነስ አይቻለሁ። ይህ ደንበኛን መዋሸት ነው። ሰውየው ገንዘቡን ጨርሶ፣ ቤቱን ሠርቶ፣ የመጀመሪያው ቀን መኪናውን ሲያስገባ ነው እውነቱን የሚያውቀው። ያን ጊዜ ግን እንደ ንድፍ መስመር ሊሰረዝ የማይችል ግድግዳ ቆሟል። ክፍሉ ካነሰ ክፍሉን አስፉ፤ ካልተቻለ ደንበኛው ገና በወረቀት ላይ እያለ ይወቀው። የዕቃ ምልክት የሚባዛው አሃድ ለመለወጥ ብቻ ነው። እኔ ምልክት ሁሉ ስጠራ ባሕርያቱን የሚያሳየውን ሳጥን ከፍቼ የወርድና የቁመት ብዜቱን አያለሁ፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ወይም እንደ 0.83 ያለ ነገር ካየሁ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል ማለት ነው።

በስካነር የተነሳ የድሮ ፕላን ላይ የሚሠራ ደግሞ ከሬፈረንስ አማራጭ ጋር ይወዳጅ። የድሮ ቤት ለማስፋት የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት የታጠፈ ወረቀት ነው። ምስሉን አስገብታችሁ ስኬል ስትሉት ብዜት ከመጻፍ ይልቅ አር ብላችሁ ሬፈረንስን ምረጡ፤ ልኩን የምታውቁትን መስመር ሁለት ጫፍ ጠቁሙ፣ ከዚያ እውነተኛውን ርዝመት ጻፉ። ማካፈሉን ፕሮግራሙ ይሠራዋል። በካልኩሌተር አካፍሎ 87.3235 የሚለውን 87.3 ብሎ መጻፍ በ12 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ትንሽ ቢመስልም ለምን ይጥፋ? ዋናው ጥንቃቄ ግን የምትመርጡት መስመር ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ በር እመርጥ ነበር፣ 90 መሆኑን ስለማውቅ። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ መስመሩ ወፍራም ነው፤ ስጠቁም አንድ ሴንቲ ሜትር ብስት፣ በ12 ሜትር ቤት ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 12 ሜትሩን የውጭ ግድግዳ መርጬ ያንኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ብስት ግን ስህተቱ ለቤቱ በሙሉ ያው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። በር አሃዱን ለማወቅ ይበጃል፤ ለማስተካከል ረጅሙን ግድግዳ ያዙ። በወርድ ካስተካከላችሁ በኋላም በቁመት ለኩ። የታጠፈና የከረመ ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይሳብም። ካልገጠመ ያንን ምስል መከተል ትታችሁ ሜትራችሁን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ።

የማይነካም አለ፤ የቀያሽ ፋይል። አዲስ አበባም ሆነ ቢሾፍቱ የሚመጣላችሁ የቦታ ቅየሳ አብዛኛውን ጊዜ በሜትር፣ በአዲንዳን ዩ ቲ ኤም ዞን 37 ኮኦርዲኔት (ቦታን በካርታ ላይ በቁጥር በሚያመለክት ሥርዓት) ነው። የማዕዘን ነጥቦቹ በአብዛኛው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥሮች ናቸው። ቤታችሁ በሚሊ ሜትር ስለሆነ ቦታውን በ1000 ላባዛው ብትሉ ነጥቦቹ ሳይት ላይ ቶታል ስቴሽኑ (የቀያሹ መሣሪያ) ከሚያነባቸው ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። ቤቱን በ0.001 አባዝታችሁ ወደ ቦታው ውሰዱ፤ ቦታውን ወደ ቤቱ አታምጡ።

ማተሚያ ቤት ስትልኩ ደግሞ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ መጥፋቱን አረጋግጡ። ኤ1 ላይ የተዘጋጀ ባለ 1:50 ንድፍ በኤ3 ቢታተም 1:100 ይሆናል፤ ፎርማኑ በኪሳቸው ማስመሪያ በ1:50 ሲለኩት ሁሉም ነገር ግማሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ የቤቱን 5 ሜትር የሚወክል የመለኪያ መስመር እስላለሁ። ወረቀቱ ቢያንስም ቢያድግም እሷ አብራ ትሄዳለች።

የቢሾፍቱው ቤት ላይ መጨረሻ የቀረው ደረጃው ነበር። የመጣው ባለ 254 ሚሊ ሜትር መርገጫ፣ ከፍታውም ወደ 197 የሚጠጋ ነው፤ ለባልና ሚስቱ አረጋዊት እናት ይከብዳል። በስትሬች መርገጫውን ላስረዝም ብል ከፍታው ያው ነው፤ በስኬል ላሳድገው ብል ሁለቱም ያድጋሉ። ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። የወለሉን ከፍታ 3 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ይዤ ለ18 አካፈልኩ፣ እያንዳንዱ ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ መርገጫውን 28 አድርጌ መሐል ላይ ማረፊያ አስገባሁበት። ትናንት ለፎርማኑ ላክሁላቸው። እነዚያው ፎርማን ናቸው። «ግድግዳው 15፣ ብሎኬቱም 15። ደረጃውን ነገ በገመድ አየዋለሁ» ብለው መልሰውልኛል።